በቸርኬ እንዳትቀብሩኝ

አባቴ ሲሞቱ የተዉት ኑዛዜ አጭር ነው። መሬቱና በሬዎቹ ለማን እንደሚሆኑ ቀድሞ ያለቀ ጉዳይ ነበር፤ እሳቸው የሰጉት ለሌላ ነገር ነው። ሰው በጠየቃቸው ቁጥር፣ አንዳንዴም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «በቸርኬ እንዳትቀብሩኝ» ይሉ ነበር።

ቸርኬ ያሉት የጭነት መኪና ጎማ የሚገጠምበትን ክብ ብረት ነው። ከመርሳ ወደ ላይ ሲወጡ ባለችው የገጠር ቤተ ክርስቲያናችን፣ ከቅጥሩ ውስጥ ካለው ወይራ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ ይደወላል። መርሳ መንገድ ዳር የሚሠራ መካኒክ ነው በስለት የሰጠው። እግዜር ይስጠው፣ ሰውየው ክፉ አላሰበም፤ ደወል ለሌለው ደብር ቸርኬም ደወል ነው። አባቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የድንጋይ ደወል የደወሉ ሰው ናቸውና ቸርኬው በተመታ ቁጥር ፊታቸው ጭፍግግ ይላል። «ቃ፣ ቃ፣ ቃ! ጎማ ሊቀይሩ ነው ወይስ ሊቀድሱ?» ይሉና ጋቢያቸውን ጆሯቸው ላይ ይጠመጥማሉ። እኔም እስቃለሁ። ያኔ መሳቅ ይቻል ነበር።

የድንጋይ ደወል ላላየ ሰው ነገሩ ተረት ይመስለዋል። ሳንቃ የሚያክል ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በጠፍር ታስሮ ከዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ በእጅ በምትያዝ ድቡልቡል ድንጋይ ሲመቱት ይጮኻል። የኛው ድምፁ ከብረት ለስለስ ያለ፣ ከተመታ በኋላም ቶሎ የማይሞት ነበር። ሸለቆውን ተሻግሮ ከማዶ ይሰማል። ማዶ ያሉት የአባቴ የዕድሜ ልክ ወዳጅ እስላም ናቸው፤ እኔ ልጅ ሳለሁ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ሱብሂን የምሰግደው በናንተ ድንጋይ ነቅቼ ነው፤ አላህ ለአባትሽ ይክፈላቸው» ይሉኝ ነበር።

እናቴ ግን በድንጋዩ ትቀልድ ነበር። አባቴ ጎህ ሳይቀድ ከጎኗ ተነሥተው ሲወጡ «ያገባኸውስ ድንጋዩን ነው፤ እኔ ቤት ጠባቂ ነኝ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ከበር ላይ ሆነው «ድንጋዩ ካልመቱት አይጮህም፤ ጠባዩ ካንቺ ይሻላል» ይላሉ። ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ሁልጊዜ አዲስ እንደሆነ ሁሉ ሁለቱም ይስቃሉ። እናቴ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ሞተች። የሷን ቀብር ደወል አባቴ ራሳቸው ደወሉ፤ ሌላ ሰው እንዲተካቸው ተለምነው እምቢ አሉ።

ጦርነቱ በኛ በኩል ሲያልፍ ከተተኮሱት የከባድ መሣሪያ ጥይቶች አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ወደቀ። ፍንጣሪው የወይራውን ቅርንጫፍ ገነጠለው፤ ድንጋዩም ወድቆ ተሰበረ። በዚያ ሰሞን የሞተው ሰውና የተዘረፈው ቤት እያለ ለድንጋይ ማልቀስ ነውር ነበርና አባቴ አላለቀሱም። ስብርባሪውን ለቅመው ከቤተ ልሔሙ ጥግ ደረደሩት።

ጸጥታ ሲመለስ የሰበካው ሰዎች መከሩ። ምን ይሁን ሲባል አንዱ ሲሚንቶ ገዝተን እንለጥፈው አለ፤ ሁሉም እሰየው አሉ። ለጠፉት። ዳርና ዳሩን በሽቦ ጠፈሩት፤ ስንጥቁ እንዳይታይ ብለውም የዘይት ቀለም ቀቡት፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በቅንነት ነው የሠሩት፤ ግድግዳ ሲሰነጠቅ በሲሚንቶ አይደል የሚድነው? ከሰቀሉት በኋላ አባቴ እንዲደውሉ ተጠሩ። ድንጋዩ የሰጠው ድምፅ አንድ ሰው ደረቱን ሲመታ የሚሰማውን ያህል ነበር። አባቴ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። እኔ ወልድያ ስለነበርኩ በስልክ ነው የነገሩኝ። «ታፈነ» አሉኝ። ቸርኬው የተሰቀለው ከዚያ በኋላ ነው።

የኔ ሥራ ድንጋይ መቁረጥ ነው። ወልድያ ውስጥ ጠባብ ቤተ ሙከራ አለን። ድንጋዩን በመጋዝ እንሸነሽናለን፤ ሽንሹን መስታወት ላይ እንለጥፋለን፤ ከዚያ ብርሃን በውስጡ እስኪያልፍ ድረስ እየፈገፈግን እናሳሳዋለን። ድንጋይ ብርሃን ያሳልፋል ስል የማያምነኝ ብዙ ነው። መጀመሪያ እኔም አላመንኩም ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን ያ ጥቁር፣ ሰው የሚደናቀፍበት ድንጋይ ውስጡ ቀለም በቀለም ነው፤ እያንዳንዱ ማዕድን በቅርፁና በቀለሙ ይለያል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የያዝነው ሥራ የካርቦን ነው። ከፋብሪካና ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውኃ ጋር ቀላቅሎ ወደ መሬት ውስጥ መግፋት ይቻላል። የሚገባበት ድንጋይ ባዛልት ከሆነ፣ ማለትም ወሎን የሞላው ጥቁር ድንጋይ ከሆነ፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከጋዙ ጋር ተዋህዶ ካልሳይት የሚባል ነጭ ማዕድን ይሆናል። ጋዙ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው፤ ተመልሶ አይወጣም። ለዚህ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ያስፈልጋል። በወረዳችን በሀብሩ ገደሎች ጥቁሩ ድንጋይ ላይ የተበተኑት ነጫጭ ነጠብጣቦች ድሮ የአረፋ ቀዳዳ የነበሩ፣ በኋላ በካልሳይትና በመሰል ማዕድን የተሞሉ ናቸው። የኛ ድርሻ ስንቱ ቀዳዳ ተሞልቷል፣ ስንቱ ገና ባዶ ነው የሚለውን መመርመር ነው።

ይህን ለአባቴ ሳስረዳቸው በጥሞና ሰሙኝ።

«ጭሱ የማን ነው?» አሉ።

«የሩቅ አገር ፋብሪካም አለበት፤ የኛም አለበት።»

«ያጨሰው ሰው ለምን ከደጁ አይቀብረውም?» አሉና «አየር ድንጋይ ታደርጊያለሽ፤ ድንጋይ ደወል ማድረግ ግን አቃተሽ» ሲሉ ተረቡኝ።

ተረቡ ተረብ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ሆዳቸውን እያመማቸው ወልድያ ሐኪም ቤት ወስጃቸው ነበር። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «እዚህ ከሚንገላቱ ቤታቸው ይሁኑ» አለኝ። ለሳቸው አልነገርኳቸውም። ወደ መርሳ ስንመለስ መኪናው ውስጥ «ደህና ነው አለ አይደል?» አሉኝ፤ «ደህና ነው» አልኩ። «እንግዲያው ቶሎ ድንጋይ ፈልጊልኝ» አሉ። ማወቃቸው ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኔ ሥራ ማለት እሱ ሆነ፤ አባቴ ሳይሞቱ የሚጮህ ድንጋይ ከወይራው ላይ መስቀል።

ከተሰበረው ደወል ላይ የረገፈ ፍርፋሪ ነበር። የደብሩን አለቃ ለምኜ አንዷን ወሰድኩ። ቅርስ ነው፣ መጋዝ እንዴት ይነካዋል ብለው ትንሽ አመንትተው ነበር፤ «አባትሽ ከፈቀዱ» ብለው ሰጡኝ። ቆርጬ፣ አሳስቼ አየሁት። ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን እንደ ቀጫጭን ሰበዝ ሆኖ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቶ፣ እንደ ታሰረ ነዶ ጥቅጥቅ ብሏል። ቀዳዳ የለው፣ ነጭ ነጠብጣብ የለው፣ የተሰነጠቀ የለው። ድምፅ የሚታፈንበት ቦታ አጥቶ ነው የሚጮኸው። ደሞዝ የሚከፈለኝ ቀዳዳ ያለበትን ድንጋይ ለመፈለግ ነው፤ አባቴ የፈለጉት ደግሞ ቀዳዳ የሌለውን። በአንድ ቦርሳ ሁለቱንም እየፈለግሁ አገሩን ዞርኩ።

ሽማግሌዎቹ ደወሉ ድሮ የመጣው ከውርጌሳ በላይ ካለ ጋራ ነው አሉኝ። ሄድኩ። ጋራው ግን የለም። ድንጋይ መፍጫ ማሽን ቆሞበት፣ በሩቅ የሚታየው ጎኑ ተበልቶ፣ የቀረው ትቢያና ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ነው። ሠራተኞቹን «ሳንቃ ሳንቃ ሆኖ የሚወጣው ድንጋይ የት ደረሰ?» ብል «ጠጠር ሆኗል፤ መንገዱ ላይ ነው» አሉኝ። በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ፤ ከጎማው ሥር ያለው እሱ ነው እያልኩ ስናደድ መርሳ ደረስኩ።

ከዚያ በኋላ ያልወጣሁበት ገደል የለም። ሜዳውን፣ ሸንተረሩን፣ ወንዝ የቆረጠውን ሁሉ በመዶሻ እየመታሁ ሄድኩ። የሀብሩ ድንጋይ አብዛኛው ሲመቱት ዝም ነው፤ ነጠብጣቡ ድምፁን ይውጠዋል። ማታ ስገባ አባቴ መደብ ላይ ጋደም ብለው ይጠብቁኛል። «ምን አለሽ?» ይሉኛል፤ ድንጋዩ ምን አለ ማለታቸው ነው። «ምንም አላለኝም» እላለሁ። አተኩረው ያዩኛል። ያን አስተያየት ያኔ ለድካሜ ማዘን ነው ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ከግራና በላይ ካለ ቦረቦር ውስጥ ሳንቃ የመሰለ ድንጋይ አገኘሁ። ስመታው መለሰልኝ። ካልሳይት እንዳለበት ለማወቅ አሲድ ጠብ አደረግሁበት፤ ካልሳይት ካለ ይፍለቀለቃል። ምንም አልተፍለቀለቀም። የግራና ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አወረዱልኝ። ሬሳ የምንሸከም መስሎት መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ሲሰቀል አባቴን በበቅሎ አመጣናቸው። ከስተው ኮርቻው ሰፍቷቸው ነበር። ዲያቆኑ ሲመታው ጮኸ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ሳህን ሲነኩት ዓይነት ነው፤ ግን ድምፅ ነው። አባቴ እንደ ጨዋ እንግዳ «ደግ ነው፤ ደግ ነው» አሉ። እኔ ግን ጨርሼዋለሁ ብዬ ያን ቀን ጥጋብ ተሰማኝ። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣና ብርዱ ሲጠናበት ድንጋዩ ከመሃሉ ተሰነጠቀ። ስብራቱን ሳየው እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር በውስጡ አልፏል። ካልሳይት ነው። አሲዱ የነካው ላዩን ብቻ ስለነበር አላየሁትም። ቸርኬው ተመልሶ ተሰቀለ።

በዚያው ቀን ከሰው ተለይቼ እናቴ መቃብር ሄጄ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ስፈልግ የምሄደው እዚያ ነው። መቃብሯ ላይ አባቴ ያለበሱት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ሙሽራ ስሆንም፣ ዲግሪ ስይዝም የተሳለምኩት ድንጋይ ነው። ወይራውን የመታው ፍንጣሪ የሱንም ጥግ ልጦት ነበር። አየሁት። አንገቴ ላይ የምትንጠለጠለውን ማጉያ መነጽር አንሥቼ ወደ ተላጠው ጥግ ተጠጋሁ። ከድንጋዩ የተለየች ስንጥር ከሣሩ ውስጥ ወድቃ ነበር፤ አነሣኋት።

ወልድያ ወስጄ ቆረጥኳት። የደወሉን ቁራጭና የመቃብሩን ቁራጭ እያፈራረቅሁ አየሁ። ያው ሰበዝ፣ ያው ነዶ፤ ቀዳዳ የለ፣ ነጭ የለ። የአንድ ጋራ ልጆች ናቸው። እንደ ጅል ደስ አለኝ። ደስታው ማይክሮስኮፑን እስካጠፋ ድረስ ቆየ፤ ከዚያ ድንጋዩ ማን ላይ እንደተኛ ትዝ አለኝ።

በማግሥቱ አባቴ ፊት ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ የእናቴ ድንጋይ ከየት ነው የመጣው?»

«ደረስሽበት?» አሉ።

«ምነው አልነገሩኝም? ገደል ለገደል ስንከራተት እያዩ!»

«ሌላ አይጠፋም ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

ልጮህባቸው ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም። እያረፉ ነገሩኝ። እናቴ የሞተች ጊዜ ከማዶው ወዳጃቸው ጋር ውርጌሳ ድረስ ሄደው፣ ጋራው ሳይፈጭ፣ አንዱን ሳንቃ ከሌላው እየመቱና እየሰሙ መርጠው ነው ያመጡት። «ያገባኸው ድንጋዩን ነው ትለኝ አልነበር? እህቱን አምጥቼ አለበስኳት» አሉኝ። ማንም ያልጠረጠረው መሬት የነካ ድንጋይ ስለማይጮህ ነው። ሁለት ጫፉ ካልተደገፈና ሆዱ አየር ካላገኘ ድምፁን መሬቱ ይወስደዋል። አባቴ አፈር ላይ ድልድል አድርገው ነው ያስተኙት።

«ታዲያ እሱን ብንሰቅለው…» አልኩ።

«የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን አልጥልም። እናትሽን ገልጬ ደወል ልሰማ? ተይኝ። ስሞት ከጎኗ አግቡኝና ድንጋዩን መልሱብን።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «በቸርኬ ግን እንዳትቀብሩኝ።»

«በምን ልቅበርዎት ታዲያ?» አልኩ። ለሚሞት ሰው የማይባል ነገር ነው፤ ንዴት ነው ያናገረኝ፤ ንዴቱንም የወረስኩት ከሳቸው ነው።

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ተምረሻል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ለአለቃው ልነግራቸው ተነሥቼ ነበር። እደጃቸው ደርሼ፣ ውሻው ጮኾብኝ፣ ቆሜ አሰብኩ። ደብሩ ካወቀ ድንጋዩን ይጠይቃል፤ ከጠየቀ አባቴ ለታቦት እምቢ አይሉም። እሺ ብለው፣ እናቴን ገልጠው፣ ደወሉን ሰምተው፣ በዚያው ቁስል ይሞታሉ። ካልነገርኩ ደግሞ በቸርኬ ነው። ወሎ ውስጥ ስንት ድንጋይ አለ! አንዲት ሳንቃ ነው ያጣሁት። ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

አባቴ የሞቱት ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ፣ ጠዋት ላይ ነው። የማዶው ወዳጃቸው ሌሊቱን ከጎናቸው አድረው ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ሰግደው ሲመለሱ የአባቴ ትንፋሽ ቆሟል። ዓይናቸውን የከደኑላቸው እሳቸው ናቸው። የዕድሩ ጡሩምባ ተነፋ፤ ሰው ተሰበሰበ። ጎልማሶቹ ድጅኖና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ ሄዱ፤ የአባቴም ወዳጅ «ቦታውን እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ተከተሏቸው። በኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም አንዱ ለሌላው መቃብር መቆፈሩ የተለመደ ነው።

እኔ አለቃው ዘንድ ሄድኩ። «ቸርኬው አይመታ» አልኳቸው።

«እንዴት ያለ ነገር ነው? ዕድሜውን ሙሉ የደወለ ሰው ያለ ደወል ይቀበራል?»

«ኑዛዜያቸው ነው።»

አዩኝ፤ አዘኑ። «ይሁን» አሉ።

ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደወል አልተሰማም። ካህናቱ ያዜማሉ፣ ሴቶች ያለቅሳሉ፤ ዜማው ጋብ ባለ ቁጥር ግን ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ ወይራው ይጥላል፤ ምንም የለም። እኔ የፈለግሁት ቸርኬው እንዳይጮህ ነበር። ዝምታው እንዲህ ይከፋል ብዬ አላሰብኩም። አባቴን ደብር እንደሌለው ሰው ያስቀበርኩ መሰለኝ። ይሄን ሁሉ ተምሬ፣ ይሄን ሁሉ ድንጋይ ቆርጬ፣ ላንድ አባቴ የማሰማው ድምፅ አጣሁ።

መቃብሩ ዘንድ ስንደርስ ጉድጓዱ አልቆ ነበር። የእናቴ ድንጋይ ተነሥቶ ከጎን ተቀምጧል። ሲመልሱት ለእጅ እንዲመች ሁለት ጫፉን በሁለት ድንጋይ ደግፈውታል። የአባቴ ወዳጅ ድጅኖአቸውን ይዘው ከድንጋዩ ራስጌ ቆመዋል። ጸሎቱ አለቀ። ሬሳው በገመድ መውረድ ጀመረ።

የወዳጃቸው ድጅኖ የድንጋዩን ጫፍ ነካው።

ድንጋዩ ጮኸ። ሁሉም ያወቀው ድምፅ ነው። ስንት ሌሊት የቀሰቀሰን፣ ስንት ሠርግና ስንት ቀብር የጠራን ያው ድምፅ፤ ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ እሱ ነው። ገመድ የያዙት ሰዎች እጃቸው ቆመ። ማዶ ያለ ውሻ ጮኸ። ድምፁ ቶሎ አልሞተም፤ እኛም እስኪሞት ጠበቅን።

አለቃው ድንጋዩን አዩ፤ የአባቴን ወዳጅ አዩ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይሄ የማን ነው?»

«የእናቴ ነው» አልኩ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም።

ከሰበካው ሰዎች አንዱ «ይህማ ወይራው ላይ ቢሰቀል…» ብሎ ጀመረ። አለቃው በእጃቸው ዝም አሰኙት። ጎንበስ ብለው ከተቆፈረው አፈር ውስጥ ድቡልቡል ድንጋይ መርጠው ለዲያቆኑ ሰጡት። «እሱ እንደሚደውለው አድርገህ ደውል። ሳትቸኩል» አሉ። ዲያቆኑ ደወለ። በየመሃሉ ድምፁ እስኪያልቅ እየጠበቀ ደወለ። አባቴ በዚያ ድምፅ ወረዱ። እኔም ሐኪሙ ካናገረኝ ቀን ጀምሮ የያዝኩትን ለቅሶ እዚያ ለቀቅሁት፤ ሴቶቹ ደግፈው ያዙኝ።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ አለቃው «ድንጋዩን መልሱ» አሉ። ማንም አልተከራከረም። ወንዶቹ ተጋግዘው ከሁለቱም ላይ አስተኙት። እንደገና መሬት ነካ።

ከቅጥሩ ስንወጣ ከአባቴ ወዳጅ ጎን ሄድኩ። «ጋሼ፣ ድጅኖው…» አልኳቸው።

«እጄን አዳለጠኝ» አሉ። «የሽማግሌ እጅ ነው፣ ልጄ።» ቀና ብለው አላዩኝም። ጉንጫቸው እርጥብ ነበር።

ቀኑን ሰው ሲመጣና ሲሄድ ዋለ። ወደ ማታ ቤቱ ትንሽ ጋብ ብሎ፣ እኔም ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከላይ ለሠርክ ጸሎት ደወሉ ተመታ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ልማድ ሆኖብኝ ወደ መደቡ ዞርኩ፤ ሊያማርሩ ነው ብዬ፣ ልስቅ ተዘጋጅቼ። መደቡ ላይ ጋቢያቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል።